"የዓለም ሻምፒዮን" የተባለችው መንደር

የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በኡራጓይ የተካሄደው በ1930 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ 42 ዓመት ቀደም ብሎ ግን በምዕራብ ስኮትላንድ ያለች አንዲት የፋብሪካ መንደር የእግር ኳስ ቡድኗ "የዓለም ሻምፒዮን" መሆኑን በሜዳዋ ላይ ጽፋ ሰቅላ ነበር። መንደሯ ሬንተን ትባላለች። ዛሬ ስሟን ከአገሯ ውጭ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1888 ሬንተን ካምበስላንግን 6 ለ 1 አሸንፋ የስኮትላንድን ዋንጫ ወሰደች። በእንግሊዝ ደግሞ ዌስት ብሮሚች አልቢዮን ታላቁን ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድን 2 ለ 1 ረትቶ የእንግሊዝን ዋንጫ አንሥቷል። ሁለቱ ባለ ዋንጫዎች ሜይ 19 ቀን በግላስጎ ሃምደን ፓርክ ተጋጠሙ። ጨዋታው ላይ ነጎድጓድና በረዶ ወረደ፤ ሜዳው ውኃ ያዘ። በጭቃው መካከል ሬንተን 4 ለ 1 አሸነፈች። ከብሪታንያ ውጭ ለእነዚህ ሁለት ቡድኖች የሚመጥን ተጋጣሚ ይገኛል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች ሒሳቡን በቀላሉ ሠሩት፦ ስኮትላንድን አሸንፈናል፣ እንግሊዝን አሸንፈናል፣ ታዲያ ማን ቀረ?

ፈገግ ያሰኛል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ፈገግ ብዬ ነበር። ነገር ግን የዚያን ሸለቆ ታሪክ ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ነገሩ ከጉራ ያለፈ ነው።

ሌቨን አጭር ወንዝ ነው። ከሎክ ሎሞንድ ሐይቅ ይወጣና ደምባርተን ከተማ ላይ ከክላይድ ጋር ይገናኛል፤ በዳሩ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅበትም። ሬንተን በዚህ ወንዝ ምዕራባዊ ዳር ላይ ናት። በ1782 ያቆማት የስሞሌት ቤተሰብ ሲሆን፣ ስሟም ወደዚያ ቤተሰብ በጋብቻ ከገባች ሴት የመጣ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የተወለደው ደራሲ ቶባያስ ስሞሌት የመታሰቢያ ሐውልት ዛሬም በመንደሯ ቆሟል።

መንደሯን ያኖራት ግን ውኃው ነው። የሌቨን ውኃ ለስላሳና ንጹሕ በመሆኑ ጨርቅ ለማንጣትና ለማቅለም የተመቸ ነበር። ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በዳርቻው የጨርቅ ማንጫ መስኮች ተዘረጉ፤ በኋላም "የቱርክ ቀይ" የሚባለው ቀለም ትልልቅ ፋብሪካዎችን አቆመ። ይህ ቀይ በፀሐይም በማጠብም የማይለቅ በመሆኑ ጨርቁ እስከ ሕንድ ድረስ ይሸጥ ነበር። አሠራሩ ግን አያምርም። የጥጡ ክር በሸተተ ዘይት ይነከራል፣ በእበት ይታሻል፣ በአልም ይታጠባል፣ በመጨረሻም ቀዩን ከሚሰጠው ሥር ጋር የበሬ ደም በገባበት ጋን ውስጥ ይቀቀላል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ከስኮትላንድ ደጋ የተፈናቀሉና ከአየርላንድ የተሰደዱ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ዓለም የለበሰውን ደማቅ ቀይ ያቀለሙት ሰዎች በጠባብ ቤት፣ በአነስተኛ ደመወዝ ይኖሩ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች መቼ ኳስ ይጫወታሉ? እሑድ አይሆንም። እሑድ በስኮትላንድ የጌታ ቀን ነው፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ጨዋታም ነውር ነው። ይህ ልማድ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ለማወቅ፣ የስኮትላንድ ዋንጫ ጨዋታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እሑድ የተደረጉት በ1974፣ ያውም በኃይል እጥረት ምክንያት መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ ሥራ ነው። የቀረችው ቅዳሜ ከሰዓት ናት። በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ ከለከለ፤ በ1860 ደግሞ ሕጉ ወደ ማንጫና ማቅለሚያ ቤቶች ተዘረጋ። ሴቶቹ ከሌሉ ማሽኑ ይቆማልና ወንዶቹም አብረው ወጡ። የእግር ኳስ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ስልትና ስለ ኮከብ ተጫዋቾች ብዙ ይጽፋሉ። እኔ ግን ያች ግማሽ ቀን ባትኖር የሚጻፍ ነገር ባልኖረ ነበር እላለሁ። አንዱን ቀን ቤተ ክርስቲያን ጠበቀችው፤ ግማሹን ቀን ሕጉ ሰጠው።

የሌቨን ሸለቆ ልጆች ከእግር ኳስ በፊት የሚጫወቱት ሺንቲ የሚባለውን የደጋ ጨዋታ ነበር፤ በቆልማማ ዱላ ኳስ የሚመታበት፣ ለእኛ የገና ጨዋታ በጣም የቀረበ ነው። በ1872 ገደማ የግላስጎው ኩዊንስ ፓርክ ወደ ሸለቆው መጥቶ አዲሱን የእግር ጨዋታ አሳያቸው። ኩዊንስ ፓርክ በ1867 የተመሠረተ የስኮትላንድ የመጀመሪያው ክለብ ነው፤ በኖቬምበር 1872 ከእንግሊዝ ጋር ባዶ ለባዶ በተለያየው የመጀመሪያው የአገሮች ግጥሚያም የስኮትላንድ ተጫዋቾች በሙሉ የእርሱ ነበሩ። መምህሩ መልካም ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ብዙም ሳይቆዩ መምህሩን ደረሱበት። በዚያው በ1872 ሬንተን፣ ጎረቤቷ ቬል ኦፍ ሌቨን (የአሌክሳንድሪያ ከተማ ክለብ) እና ደምባርተን ተቋቋሙ። በዲሴምበር 1876 ኩዊንስ ፓርክን በስኮትላንድ ክለብ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ቬል ኦፍ ሌቨን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁጥር ልንገራችሁ። ከ1877 እስከ 1888 አሥራ ሁለት የስኮትላንድ ዋንጫዎች ተሸልመዋል። ቬል ኦፍ ሌቨን ሦስቱን በተከታታይ (1877፣ 1878፣ 1879)፣ ደምባርተን በ1883፣ ሬንተን በ1885 እና በ1888 ወሰዱ። ስድስት ዋንጫ፣ ማለትም ከአገሩ ሁሉ ግማሹ፣ በእግር ግማሽ ቀን በማይፈጅ አንድ ወንዝ ዳር ቀረ። ናትናኤል ስለ ናዝሬት የጠየቀውን ጥያቄ በዚያ ዘመን ስለ ሬንተን የሚጠይቅ የግላስጎ ሰው ቢኖር መልሱን በሜዳ ያገኘው ነበር።

ወደ 1888 ልመልሳችሁ፤ የታሪኩ እሾህ ያለው እዚያ ነውና። በዚያ ቡድን ውስጥ ጄምስ ኬሊ የሚባል ወጣት ነበር። ቦታው በመሀል ነው፤ ከተከላካዮቹ ፊት ሆኖ ይከላከላል፣ ኳሱን ሲያገኝ ደግሞ ጥቃቱን እርሱ ይጀምራል። የሬንተን አጨዋወት በእርሱ ዙሪያ የተሠራ ነበር።

ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 1887፣ በግላስጎ ምሥራቃዊ ሰፈር በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሌላ ክለብ ተመሥርቷል። መሥራቹ ወንድም ዋልፍሪድ የሚባል አየርላንዳዊ የካቶሊክ መነኩሴና የትምህርት ቤት ኃላፊ ነው። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ ከጨዋታ በሚገኘው ገቢ የሰፈሩን ድሀ ልጆች ማብላት። ክለቡ ሴልቲክ ተባለ። ሜይ 28 ቀን 1888፣ ማለትም ሬንተን በበረዶው ውስጥ ዌስት ብሮሚችን ካሸነፈች በዘጠነኛው ቀን፣ ሴልቲክ የመጀመሪያ ጨዋታውን ከሬንጀርስ ጋር አድርጎ 5 ለ 2 አሸነፈ። በታሪኩ የመጀመሪያዋን ግብ ያገባው ኒል ማካለም ነበር። ጄምስ ኬሊም በዚያ ጨዋታ ተሰልፏል። ሁለቱም የሬንተን ልጆች ናቸው።

ኬሊ ወደ ሬንተን አልተመለሰም። የሴልቲክ አምበል ሆነ፤ በኋላ የቦርድ አባል፣ በመጨረሻም ሊቀ መንበር። የቤተሰቡ ስም ከክለቡ አመራር ያልወጣው እስከ 1990ዎቹ ነው። በወረቀት ላይ ደመወዝ የማይከፈለው አማተር ተጫዋች ነበር፤ ነገር ግን ይህ የሠራተኛ ልጅ ብዙም ሳይቆይ የመጠጥ ቤት ባለቤት ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የወንድም ዋልፍሪድ ልብ እውነተኛ ነበር፤ በዚያ ሰፈር ሕፃናት በእርግጥ ይራቡ ነበር፤ በክለቡ ገንዘብም በእርግጥ በልተዋል። ለዚህ መልካም ሥራ የተመልካች ብር ያስፈልጋል፤ ተመልካች የሚመጣው ለሚያሸንፍ ቡድን ነው፤ የሚያሸንፍ ቡድን ደግሞ ኬሊን ይፈልጋል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ትክክል ይመስላል። የሚጎዳው ግን ሌላ ድሀ መንደር ነው። ከገጠር አጥቢያ አንድ ጎበዝ ዘማሪ "ለሰፊ አገልግሎት" ወደ ከተማ ሲወሰድ አይታችሁ እንደ ሆነ፣ በቀረው የመዘምራን ቡድን ውስጥ የሚሰማውን ዝምታ ታውቁታላችሁ። ዋልፍሪድ ራሱ በ1892 ወደ ለንደን ተዛወረ፤ ክለቡ በ1897 አክሲዮን ማኅበር ሆነ።

ይህ ሁሉ እንዲሆን ያደረገው በወቅቱ የነበረው አንድ ትልቅ ውሸት ነው። በእንግሊዝ ለተጫዋች ደመወዝ መክፈል ከ1885 ጀምሮ ተፈቅዶ ነበር። በስኮትላንድ ግን እስከ 1893 ክልክል ነበር። ስለዚህ ስኮትላንዳዊው ጎበዝ ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ወይ ወደ እንግሊዝ ሄዶ በግልጽ መከፈል፣ ወይ አገሩ ተቀምጦ በስውር መከፈል። በመቶ የሚቆጠሩ የመጀመሪያውን መንገድ ሄዱ። የቀሩት ክፍያውን በሌላ ስም ተቀበሉት። ክለቦቹ ያውቃሉ፤ ማኅበሩ ያውቃል፤ ተመልካቹም ያውቃል። መዝገቡ ላይ ግን ሁሉም ለፍቅር ብቻ ይጫወታል። ድሆች ለሆኑት የቀለም ቤት ልጆች ሕጉ ራሱ ፍትሐዊ አልነበረም፤ ያለ ደመወዝ መጫወት የሚቀለው ደመወዝ ለማያስፈልገው ሰው ነው። ሁሉም የሚያውቀው ውሸት ግን አንድ አደጋ አለው፦ ቅጣቱ የሚወርደው በውሸቱ ላይ ሳይሆን በተያዘው ላይ ነው።

የተያዘችውም ሬንተን ናት። በማርች 1890 የሬንተን ጸሐፊ ፒተር ፌርሊ ለ14 ክለቦች ደብዳቤ ላከ፤ በግላስጎ በአንድ ሆቴል እንዲሰበሰቡና በእንግሊዝ እንደ ተደረገው ሊግ እንዲያቋቁሙ ጠየቀ። ያ ደብዳቤ የስኮትላንድን ሊግ ወለደ። በመጀመሪያው ዓመት ከገቡት 11 ክለቦች ሦስቱ የሌቨን ሸለቆ ክለቦች ነበሩ። ኩዊንስ ፓርክ ግን አልገባም፤ ሊግ ካለ ደመወዝ መምጣቱ አይቀርም፣ ደመወዝ ከመጣ ደግሞ ትናንሾቹ ክለቦች ይጠፋሉ የሚል ስጋት ነበረው። ስጋቱ በከንቱ አልነበረም።

ሊጉ ከተጀመረ አምስት ጨዋታ ሳይሞላ አይቀርም፤ ሬንተን ታገደች። ምክንያቱ ይህ ነው። ሴንት በርናርድስ የተባለ የኤዲንብራ ክለብ በስውር ደመወዝ ከፍሏል ተብሎ ታግዶ ነበር። ሬንተን ደግሞ "ኤዲንብራ ሴንትስ" ከሚባል ቡድን ጋር ተጫወተች። ማኅበሩ ሲመረምር ይህ ቡድን ስሙን የለወጠው ያው ሴንት በርናርድስ ነው ብሎ ፈረደ። ሬንተን ተባረረች፤ የተጫወተቻቸው ጨዋታዎች ሁሉ ከሠንጠረዡ ተሰረዙ። ሊጉን የጠራው ክለብ በሊጉ የመጀመሪያ ሠንጠረዥ ላይ ስሙ የለም!

ሬንተን ንጹሕ ነበረች አልልም። ከማን ጋር እየተጫወቱ እንደ ነበር ሳያውቁ ቀሩ ማለት ይከብዳል፤ የስም ለውጡ ሕፃን እንኳ የሚያታልል አይደለም። ነገር ግን ፍርዱን የሚሰጡት ሰዎች ስለ ስውር ክፍያ ምንም የማያውቁ ነበሩ ማለት ከዚያ ይበልጥ ይከብዳል። ክለቡ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ በ1891 ወደ ሊጉ ተመለሰ። አንድ ዓመት ግን ለትንሽ ክለብ ብዙ ነው። ተጫዋቾች ተበትነዋል፤ ገንዘቡ አልቋል።

የኋላው ታሪክ በፍጥነት ያልፋል። ደምባርተን የመጀመሪያውን ሊግ በ1891 ከሬንጀርስ ጋር እኩል ነጥብ ይዞ ተጋራ፤ በቀጣዩ ዓመት ለብቻው ወሰደ። በዚያው ዓመት ቬል ኦፍ ሌቨን ከ22 ጨዋታ አንዱንም ሳያሸንፍ ጨርሶ ከሊጉ ወጣ። በ1893 ደመወዝ በይፋ ሲፈቀድ ትግሉ የመንደር ልጆች ትግል መሆኑ ቀረና የተመልካች ቁጥር ትግል ሆነ። ግላስጎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አላት፤ ሬንተን ጥቂት ሺህ። በ1894 ሬንተን ወደ ሁለተኛው ምድብ ወረደች። በ1895 ለመጨረሻ ጊዜ የዋንጫ ፍጻሜ ደርሳ 2 ለ 1 ተሸነፈች። ያሸነፋት ማን መሰላችሁ? ሴንት በርናርድስ። በዚያው የውድድር ዓመት ከዳንዲ ዎንደረርስ ጋር ለነበረባት የሊግ ጨዋታ ሳትቀርብ ቀርታ ነጥቡን አጥታለች፤ ብዙ ተመልካች የሚያመጣውን ከኩዊንስ ፓርክ ጋር የሚደረግ የወዳጅነት ጨዋታ መርጣ ነበርና። በ1897 አራት ጨዋታ ተጫውታ ከሊጉ ወጣች፤ ቦታዋን ሃሚልተን አካዳሚካል ወሰደ። ክለቡ ከዚያ በኋላ በትንንሽ ውድድሮች 25 ዓመት ያህል ታገለ። በ1922 ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ አጥነት በሸለቆው ሲበረታ ፈረሰ። የቀለም ፋብሪካዎቹም ተራ በተራ ተዘግተው እስከ 1960 ድረስ አለቁ።

ክለብ ሲሞት መንደር ትቀራለች፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከዚህም ይብሳል። በአይርሻየር ግሌንበክ የምትባል የድንጋይ ከሰል መንደር ነበረች። ቡድኗ "ቼሪ ፒከርስ" ይባል ነበር፤ ከዚህች ትንሽ መንደር 50 ያህል ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ወጥተዋል። የሊቨርፑል ደጋፊ የሆናችሁ ልብ በሉ፦ ክለባችሁን ከ1959 እስከ 1974 ያሠለጠነው ቢል ሻንክሊ በ1913 የተወለደው እዚያ ነው፤ አምስቱም ወንድማማቾች ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ነበሩ። ከሰሉ ሲያልቅ ሰው ሄደ፤ በኋላም መሬቱ ራሱ ከላይ ተቆፍሮ ለቀረው ከሰል ተገለበጠ። ቤቶቹ የሉም። ከሊቨርፑል ድረስ የሚመጡ ደጋፊዎች የሚቆሙት በባዶ መስክ ላይ ባለ መታሰቢያ ድንጋይ ፊት ነው።

ሬንተን ግን አለች። ቶንታይን ፓርክ የሚባለው ሜዳዋ ቤት ተሠርቶበታል፤ የዓለም ሻምፒዮኖች ይሮጡበት በነበረው ቦታ ሰዎች ልብስ ያሰጣሉ፣ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። ለ1888ቱ ድል የተሠራው ዋንጫ ግላስጎ ውስጥ፣ በሃምደን ፓርክ ባለው የስኮትላንድ እግር ኳስ ሙዚየም ይታያል። ሊቨርፑልን ወይም ሴልቲክን ፈልጎ የመጣ ጎብኚ በአጠገቡ ሲያልፍ "የዓለም ሻምፒዮን" የሚለውን አንብቦ ቀልድ ይመስለዋል።

በአሌክሳንድሪያ በሚልበርን ፓርክ የቬል ኦፍ ሌቨንን ስም የያዘ አዲስ ክለብ ይጫወታል። ከሦስቱ የመጀመሪያዎች የቀጠለው ደምባርተን ብቻ ነው፤ ከ2000 ጀምሮ ሜዳው ሌቨን ከክላይድ በሚገናኝበት፣ በታላቁ ዓለት ሥር ነው። መቀመጫው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ተመልካቹም ብዙ አይደለም፤ ጨዋታው ግን እንደ ድሮው ቅዳሜ ከሰዓት ነው።